«ወንድሜ ኮሮላ ይላል፣ እኔ ሰኒ… አባታችን ግን ዝም ብሏል»

 

ነሐሴ ጋመስ ሲል የሚመጣልኝ ደብዳቤ ጠባዩ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ «ፍቅረኛዬ ፊት ነሳችኝ»፣ «ጓደኛዬ ገንዘቤን በላኝ» ሲባል ይከርምና መስቀል ሲቃረብ ከመርካቶም ከጉራጌ አገርም የሚጻፍልኝ ሁሉ ወሬው አንድ ይሆናል፤ አገር ቤት መግባት! ማን በምን ይገባል፣ ማን ምን ይዞ ይገባል፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ ይቀራል… የዛሬውም ደብዳቤ ከዚሁ ወገን ነው። በመኪና የተነሳ ስለተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች ነው። «አይ የመኪና ነገር!» ብዬ እየሳቅሁ ነበር የጀመርኩት። ስጨርሰው ግን ሆዴ ባባ። እስቲ አብረን እናንብበው።

«ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤

ተወልጄ ያደግሁት አገና ነው። አሁንም የምኖረውና የምሠራው እዚያው ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። ታላቅ ወንድሜ መርካቶ ይነግዳል። አባታችን ሁለቱንም ጉልበቱን ያመዋል፤ በየወሩ አዲስ አበባ ለክትትል ይመላለሳል። ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆኖ ይቀመጥና እግሩን መዘርጋት ሳይችል ይደርሳል። ሲወርድ ሁለት ሰው ደግፎት ነው።

ይኼን አይተን መኪና ልንገዛ ተስማማን። ወንድሜ ከንግዱ፣ እኔ ከዕቁቤ አዋጣን። አባታችን ደግሞ 'እኔም ድርሻዬን እከፍላለሁ እንጂ እንደ ዕቃ ተጭኜ አልሄድም' ብሎ ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ አስቆርጦ ሸጠ።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ የ1998 ሞዴል ኮሮላ፣ ባለ 1.3 ሞተር አገኘሁ አለ። እኔ ደግሞ በሰው በሰው የ2003 ሞዴል ኒሳን ሰኒ አገኘሁ። የእኔዋ ፊቷ አዲስ ነው፣ ውስጧም ያምራል። የእሱን 'ይቺ እኮ የአያቶቻችን መኪና ናት' ብለው ተቆጣ። 'ከአገና ሳትወጣ ስለ መኪና ምን ታውቃለህ?' አለኝ። እኔም አላስችል ብሎኝ 'አንተ መኪና የፈለግኸው ለአባዬ ሳይሆን ለሱቅህ ነው' አልኩት። ይኸው ሁለት ወራችን፤ አንነጋገርም። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል። አባታችን ምንም አላለም፤ ባለፈው ወር ብቻውን በሚኒባስ ሄዶ ተመለሰ። ወንድሜም ለመስቀል እንደማይመጣ ለእናቴ ነግሯታል።

እርስዎ ይፍረዱን፤ የትኛዋ ትሻላለች? — ግራ የገባው፣ ከአገና»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የታየኝ መኪና ነው። ሁለተኛ ሳነበው የታየኝ ባሕር ዛፉ ነው። ስለ ባሕር ዛፉ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ አሁን በጠየቅኸኝ ልጀምር።

የጥንት ተፎካካሪዎች

ኮሮላና ሰኒ መፎካከር የጀመሩት እናንተ ሳትወለዱ ነው። ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ሰኒ በ988 ሲሲ ሞተር ቀደመች። ኮሮላ ከጥቂት ወራት በኋላ በ1,077 ሲሲ መጣችና «የኔ በ100 ሲሲ ይበልጣል» ብላ ማስታወቂያ አስነገረች። ኒሳን መቼ ዝም ይላል? በ1970 ሰኒን አሳድጎ ባለ 1.2 ሊትር ሞተር አደረጋትና የጎረቤት መኪና አነሰች የሚል ማስታወቂያ ለቀቀ። አያችሁ፣ ጃፓን አገርም በጎረቤት መኪና መቀናናት አለ!

ከዚያ ወዲህ አንዷ ልብስ ስትለውጥ ሌላዋም ትለውጣለች። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መኪና «አዲስ ሆና ወጣች» ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዴ የሚለወጠው መብራቱ፣ ፓራውልቱና የፊቱ ፍርግርግ ብቻ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አጥንቷ ይለወጣል። ደላላ የሚያሳይህ ፊቷን ነው፤ አንተ መጠየቅ ያለብህ አጥንቷን ነው።

አጥንቷን እንዴት ልወቅ ካልከኝ አንድ ቀላል መለኪያ ልስጥህ፤ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት። እሱ ሲረዝም ብዙውን ጊዜ የተሳፋሪው እግር መዘርጊያ ይሰፋል። ወንድምህ ያገኛት ዓይነት ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣችው ናት። ርቀቷ 2,465 ሚሊ ሜትር ነው። ይኼ ደግሞ በ1991 ከወጣችው ኮሮላ ጋር እኩል ነው፤ መልኳ ተለወጠ እንጂ ቁመናዋ ያው ነው። ያንተዋ ሰኒ በ2000 የወጣችው ዓይነት ናት። ርቀቷ 2,535 ሚሊ ሜትር ነው። እሱም በ1994 ከወጣችው ሰኒ ጋር አንድ ነው! እንግዲህ ያንተዋም «አዲስ» የቀድሞዋን ልክ ይዛ ነው የመጣችው። ሁለታችሁም አሮጌ አጥንት ላይ ባለ አዲስ ፊት ነው የተጣላችሁት።

ግን ልዩነቱን ልብ በል። የ2,465 እና የ2,535 ልዩነት 7 ሳንቲ ሜትር ነው። 7 ሳንቲ ሜትር ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን መንገዱን ሙሉ ሲሰማው የሚውል ነገር ነው። በዚህ ያንተዋ ሰኒ ትበልጣለች። እልል አትበል፣ ገና አልጨረስኩም።

ቶዮታ በ2000 ነገሩን ገለበጠው። በዚያ ዓመት የወጣችው ኮሮላ ርቀቷ ወደ 2,600 ሚሊ ሜትር አደገ። ጣሪያዋም ከቀደመችው በ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አለ። ከፍ ያለ መኪና ላይ አዛውንት ሰው ቁጭ ብድግ ሲል ጉልበቱን ብዙ አያጥፍም። የኋላ እግሯ ግን ቀለል ተደረገ፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየብቻ ይንቀሳቀሱ የነበረው ቀርቶ በአንድ ተሻጋሪ ብረት ተያያዙ። ጉድጓድ ላይ ትንሽ ታናግራለች፤ ለጥገና ግን ቀላል ናት። አየህ፣ ለውጥ ሁሉ ጭማሪ አይደለም፤ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ይወስዳል።

መንገዱስ ምን ይላል?

መኪናዋ የምትሄደው በመጽሔት ላይ ሳይሆን በእናንተ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ የትኛዋም የቤት መኪና ትሄዳለች። ከዚያ ወደ እምድብርና ወደ አገና ሽቅብ ሲወጣ ነው ጨዋታው የሚጀምረው።

ሞተር አየር ይበላል። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወረቀቱ ላይ 1.3 የተባለው አገና ዳገት ላይ እንደ 1.0 ነው የሚሆንብህ። በዚያ ላይ አምስት ሰው፣ አንድ እስር ቆጮ፣ ቅቤና የመስቀል ዕቃ ሲጫን እስቲ አስበው! በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። ቤንዚንም ትጨርሳለች። ስለዚህ ወንድምህ ያያት ኮሮላ ትልቁ ድካሟ ዕድሜዋ ሳይሆን 1.3 መሆኗ ነው። ኮሮላም ይሁን ሰኒ፣ ቢቻል 1.5 ወይም 1.6 ፈልጉ።

ሶማሌ ተራን ጠይቀው

አሁን ደግሞ ለወንድምህ ልፍረድ። መኪና የሚገዛው አንድ ቀን ነው፤ መለዋወጫ ግን ዕድሜ ልኩን ይገዛል። በዚህ በኩል ኮሮላን የሚያህል የለም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደህ «የኮሮላ» ስትል ባለሱቁ ቀና ሳይል እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል። «የሰኒ» ስትል «የስንት ሞዴል?» ብሎ ይጀምርልሃል። ወንድምህ መርካቶ ስለሚውል ይኼን ያውቃል። ከትዕቢት ሳይሆን ከልምድ ነው የተናገረው፤ አነጋገሩ ግን አላማረም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ያዙና ስድስት ዕቃ ጻፉ፦ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ የፊት ሾክ አብዞርበር፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ ራዲያተር፣ የፊት መብራት። ሦስት ሱቅ ገብታችሁ የሁለቱንም መኪና ዋጋ ጠይቁ። ማን ልክ እንደሆነ ወረቀቱ ይፈርዳል። መብራቱን አትርሱ። መልክ በተለወጠ ቁጥር መጀመሪያ የማይገጥመው መብራትና ፓራውልት ነው። የሞተር ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ከዓመት ዓመት ይወራረሳል።

ሞተራቸውም ይለያያል። የወንድምህ ኮሮላ ካሙን የምታዞረው በቺንጊያ ነው። ቺንጊያው በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ አለበት፤ መቼ እንደተለወጠ የማይታወቅ ከሆነ ገና ስትገዙ ለውጡት። የሰኒዋ በካቴና ነው። ካቴና ቶሎ አይለወጥም፤ ግን ሲላላ ጠዋት በቀዝቃዛው ስትነሳ ይንኳኳል። በ2000 የወጣችዋ ኮሮላም ባለ ካቴና ናት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮቿ ላይ ግን ዘይት የመጠጣት ጠባይ ይታይባቸዋል፤ የዘይቱን ልክ ሳታይ፣ ጭሷን ሳትመለከት እንዳትዋዋል።

«ታዲያ አሮጌ ከሆኑ ዋጋቸው ለምን አይወርድም?» ትል ይሆናል። ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ኮሮላ እንደ ወርቅ የተያዘችው ለዚህ ነው። ይኼ ማለት ተሳስታችሁ ብትገዙ ለማረም ውድ ነው ማለት ነው። «ኤሌክትሪክ ለምን አንገዛም?» ለምትሉም፣ ለከተማ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ለሚል የአገና ሰው ግን መንገድ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ እንደ ልብ እስኪገኝ ድረስ ሐሳብ ላይ ይጥላል።

በስቱኮ እንዳትሸወዱ

እኔም አንድ ጊዜ በመልክ ተሸንፌ ገዝቻለሁ። ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ነበር። በሦስተኛው ወር በሩ ሥር ያለው ቀለም ሲሰነጠቅ ባትላሜራው ጋ ወሰድኳት። በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ላሜራ አይደለም፣ ግድግዳ ነው» አለኝ። ጣት የሚያህል ስቱኮ! ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ ከሆዴ አልነበረም። ስለዚህ እኔ የከፈልኩትን አንተ አትክፈል፦

አንደኛ፣ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ በሮቹንና ጎኖቿን ነካካ። ማግኔቱ ካልያዘ ሥሩ ያለው ስቱኮ ነው።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ ሂድ። ባለቤቱ አሙቆ ከጠበቀህ «ነገ እመለሳለሁ» በለው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላች ነው። ነጭ ጭስ ሞቃም ካላቆመ ራዲያተሩ ውኃ ይጎድል እንደሆነ አሳይ፤ የቴስታታ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሆን አለመሆኑን እይ። የዝናብ መጥረጊያው በሾፌሩ በኩል ጥግ ሳይጠርግ የሚያልፍ ከሆነ፣ ዳሽ ቦርዱ ላይም ክፍተት ካለ ጠርጥር።

አራተኛ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ደላላው «ችግር የለም» ስላለ ችግር አይጠፋም።

አምስተኛ፣ መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ። ሻጩ ያመጣው መካኒክ የሻጩ ሰው ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ

«ይፍረዱን» ብለሃል። ፍርዴ ይኸው። ከሁለቱ ለአባትህ ጉልበት ያንተዋ ሰኒ ትሻላለች። ለኪስና ለመለዋወጫ የወንድምህ ኮሮላ ትሻላለች። ገንዘባችሁ ትንሽ ከተለጠጠ ግን ሁለታችሁንም የምታስታርቀው ሦስተኛዋ ናት፤ ከ2000 በኋላ የወጣችው ኮሮላ፣ ባለ 1.6። ያንተ ስፋትና የወንድምህ መለዋወጫ በአንድ ላይ አላት። ካልደረሳችሁ፣ ሞተሯ ጤነኛ የሆነችውን ያዙ። ጤነኛ ሰኒ ከታመመች ኮሮላ ትሻላለች፤ ተቃራኒውም እንዲሁ።

ነገር ግን ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር አጣሁ። ሁለት ገጽ ጽፈሃል። ሞዴሉ አለ፣ ሞተሩ አለ፣ ስድቡም አለ። አባታችሁን «የትኛዋ ትመችሃለች?» ብላችሁ የጠየቃችሁበት ቦታ ግን የለም! መኪናዋ ለማን ነበር የምትገዛው? ባሕር ዛፍ እኮ ተተክሎ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያገሬው ልጅ አንተ ታውቃለህ። እሳቸው ዛፋቸውን የሸጡት መኪና ስለሚወዱ አይመስለኝም። ከልጆቻቸው ጋር እኩል አዋጥተው፣ ሳያፍሩ ለመቀመጥ ነው። እናንተ ግን በዛፋቸው ገንዘብ ተኳርፋችሁ እሳቸውን እዚያው ሚኒባስ ላይ መለሳችኋቸው። ዝም ያሉት ሐሳብ ስለሌላቸው አይምሰልህ። አንዱን ደግፈው ሌላውን ላለማስቀየም ነው።

እንዲህ አድርግ። ዛሬውኑ ለወንድምህ ደውል። «ልክ ነበርክ» ማለት የለብህም። «ወንድም ጋሼ፣ ለሱቅህ ነው ያልኩህን አጥፍቻለሁ» በለው፤ ይበቃል። የኮሮላውን ክርክር ለሌላ ቀን ተወው። ታላቅ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ መደወል ነበረበት ካልክ መስቀል ያልፋል፤ የመስከረም መጨረሻም ሚኒባስ ነው።

ከዚያ አባታችሁ ለክትትል አዲስ አበባ ሲመጡ ሁለታችሁም አብራችኋቸው ሂዱና ሁለቱም መኪኖች ውስጥ አስቀምጧቸው። ጋቢና ይቀመጡ፣ ወንበሩም እስከ ጫፍ ወደ ኋላ ይገፋ። እናታችሁ ደግሞ ከእሳቸው ኋላ ይቀመጡ፤ ጋቢናው ሲሰፋ የሚጠብበው የኋላው ነውና። በሩን ከፍተው ራሳቸው ይግቡ፣ ራሳቸው ይውረዱ። ማንም እንዳይደግፋቸው። እናንተ ዝም ብላችሁ እዩ። የትኛዋ ላይ ፊታቸው ሳይጨማደድ እንደወረዱ ስታዩ መልሱን ከእኔ አትጠብቁም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሊብሬው በማን ስም ይሁን፣ ማን ይንዳት፣ ሱቅ ዕቃ ትጫን አትጫን፣ ቦሎና ጥገና ከማን ኪስ ይውጣ፤ ይኼን ሳትገዙ በፊት በወረቀት ጻፉ፣ ሽማግሌ ይፈርምበት። በእኔ በኩል የሊብሬው ስም የአባታችሁ ቢሆን ደስ ይለኛል። ክትትል ያለበት ቀን ደግሞ የሱቅ ሥራ የሚባል ነገር አይሰማ። ወንድማማቾችን የሚያጣላው ብዙ ጊዜ መኪናዋ ሳትሆን ያልተነገረው ነገር ነው።

እናንተ አንባቢዎቼም፣ ቤታችሁ ውስጥ «ለአባቴ ነው»፣ «ለእናቴ ነው» እየተባለ የሚገዛ ነገር ካለ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ባለቤቶቹን ጠይቋቸው። አለዚያ ልጅ ለራሱ የገዛውን በወላጅ ስም መጥራት ይሆናል።

አንተም የአገናው ልጅ፣ ለመስቀል በምን እንደገባችሁ ጻፍልኝ። ኮሮላ ይሁን ሰኒ ግድ የለኝም። ሁለታችሁ አንድ ክትፎ ላይ መቀመጣችሁን ብቻ ንገረኝ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!